ለመቃብር የተሠራ ማሰሮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ነቀምቴ

ተማሪዬ ሌሊሴ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ትምህርት ላቋርጥ ስትለኝ ሰንብታ፣ ዛሬ ክፍል መጣች።

ስለ ጥንት ግሪኮች እያስተማርኩ ነበር። መቃብር ላይ የሚያኖሩትን ነጭ፣ ሥዕል ያለበት የዘይት ማሰሮ ከመጽሐፍ አሳየኋቸው። አንዳንዱ ውስጡ፣ ከአፉ ሥር፣ ዘይቱን የሚይዝ ሌላ ትንሽ ዕቃ ስለተደበቀበት በጥቂት ዘይት ሙሉ ይመስል እንደነበር ስነግራቸው፣ ተማሪው ሁሉ አውካካ።

«ሙታንን ያታልሉ ነበራ!» አለ አንዱ።

ሌሊሴ እጇን አወጣች። «ባርሲሳ» አለችኝ፣ መምህር ማለቷ ነው፤ «ማታለል አይደለም። ዕቃ ውስጥ ዕቃ መግጠም በጣም ያለፋል። ዘይት ያጠራቸው ሰዎች፣ ባዶ እጃችንን አንሄድም ብለው ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ዲጋ ገበያ ነበር የምትሸጠው። እኔንም አስተምራኛለች።»

ሸክላ ሠሪ እዚህ እንዴት እንደሚናቅ ስለማውቅ ደነገጥኩ። እስከ ዛሬ ከሁላችንም ደብቃው ነበር። ግን ማንም አልሳቀባትም። እንዲያውም አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ «እኛንም አሠራሩን አሳዪና» አለቻት።

ስንወጣ ሥዕሉን ደህና አድርጋ እንድታየው መጽሐፉን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

«ነገ ይዤው እመጣለሁ» አለችኝ።

ከቀብሩ ወዲህ «ነገ» ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።