ከጂም መጥተህ ለደከመህ

ልጄ ዛኪር፣ አላህ ስልክ የምታነሳበት ጉልበት ይስጥህ።

ሐሙስ ዕለት አባትህ «የዛኪርን ድምፅ አሰሙኝ» ሲል ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤለት ነበር። አላነሳህም። «ከጂም መጥቼ ደክሞኛል፣ ነገ እደውላለሁ» ብለህ ጻፍክ። በነጋታው ስትደውል ቀብረነው ተመልሰናል።

እሱ ቀፊራ ገበያ ጆንያ ሲሸከም ውሎ፣ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ አንተን አዝሎ ያሻግርህ ነበር። ደከመኝ ሲል ሰምተኸዋል አቦ?

ጎረቤታችንን ነርሷን ዱኒያን ጠየቅኳት። ስፖርት ሳይጀምር ትንሽ ይብላ፣ ውሃ ይጠጣ፣ በአንዴ አያብዛው፣ በደንብ ይተኛ፤ ያን ያህል አይደክመውም አለችኝ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። አደራህን ልጄ፣ ተረኛዋ እኔ ነኝና ውሃህን ከአሁኑ ጠጣ።

እናትህ ሙኒያ