የሦስት ደቂቃ ምሳ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ተቀምጦ መነሳት ያስቸግራታል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እንደሆነ ዘይት እጄ ላይ ከተወብኝ ጠባሳ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እናንተ ብቻ ትናፍቁኛላችሁ።

እንደምታውቂው የምሠራበት ፈጣን ምግብ ቤት ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ ሰው ቆሞ ያዛል፣ በወረቀት ጠቅልለን እንሰጠዋለን፣ ይሄዳል። ከሦስት ወር በፊት ድርጅቱ የእኛን ቅርንጫፍ እንደ ትልቅ ሬስቶራንት አድርጎ ሊሞክረው አሰበ። የፕላስቲኩ ወንበር ወጣ፣ የጨርቅ ናፕኪን ገባ፣ ያው የድሮው በርገር ነጭ ሰሃን ላይ ተኮፍሶ መቅረብ ጀመረ። እኔንም ከድንች መጥበሻው አንስተው፣ ክራባት አስረውልኝ አስተናጋጅ አደረጉኝ። ሙከራው ከያዘ ቋሚ ትሆናላችሁ፣ የአንድ ወር ፈቃድም ታገኛላችሁ ሲሉን ነው ለእማማ በስልክ ዘንድሮስ እመጣለሁ ያልኳት።

ችግሩ እጄ ነው። መጥበሻው በየሦስት ደቂቃው ይጮሃል፤ ሲጮህ ካላነሳሽው ድንቹ ያራል። ስድስት ዓመት እንዲህ የኖረ እጅ በክራባት አይታለልም። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አሮጊት ደንበኛ ተመቻችተው ሲበሉ ቦርሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ልክ እንደ መጥበሻው ጮኸ። ሳላስበው ሰሃኑን ከፊታቸው አፈፍ አድርጌ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ሹካቸው አየር ላይ ቀረ። ሰዓቱን እያየ ስለሚያስሮጠን ባለ ሰዓቱ የምንለው አለቃችን ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ያን ጊዜ ፈቃዴ እንደ ጉም ሲበን ታየኝ። ሴትዮዋ ግን፣ ልጁን አትቆጣው፣ እኔው ነኝ ሳዘግም የቆየሁት ብለው ነገሩን አበረዱልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ይመጡ ነበር፤ ከእኔ በቀር ማንንም አያዙም ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ሌላው ሰው አልለመደውም። ገብቶ ነጩን ጨርቅ ያይና፣ የወረቀቱስ የታለ ብሎ ይወጣል። ባለፈው ዓርብ ሙከራው ቆሟል ተባልን። ወደ መጥበሻዬ ተመለስኩ፣ ፈቃዱም አብሮ ቀረ። ዘንድሮም አልመጣም እትዬ። ለእማማ ልነግራት ደውዬ ነበር፤ ድምፅዋን ስሰማ አቃተኝና ስለ ዝናቡ ጠይቄያት ዘጋሁ። እባክሽ አንቺው ንገሪልኝ።

በሙከራው የመጨረሻ ቀን ባለ ሰዓቱ እኛን ሠራተኞቹን እንደ ደንበኛ አስቀምጦ ራሱ አስተናገደን። ናፕኪኑን ጭኔ ላይ ዘርግቼ መብላት ጀመርኩ። ቀና ስል የእኔ ሰሃን ባዶ ነው፤ የጓደኞቼ ገና ግማሽ አልደረሰም። ሁሉም ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ቆየት ብሎ ግን እንባዬ መጣ። ከእናንተ ከተለየሁ ወዲህ ሰው አቅርቦልኝ ቁጭ ብዬ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ከነጢሙ ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን ይበርታ፤ የትንሿን ጉንጭ በእኔ ፈንታ ቆንጠጥ አድርጊልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውንም አትርሺ፣ የሰፋልኝ ሱሪ እስካሁን አልተተረተረም።

ስመጣ፣ ሰሃኔ ባዶ ቢሆንም ቶሎ እንዳታነሱብኝ።

ወንድምሽ

ከመጥበሻው ክፍል ጀርባ፣ በምሳ እረፍት
ኅዳር ፬ ቀን