ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉን ለሚረሱት ኮምፒውተሮች አለቃ

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ የመጽሔቱ አንባቢዎቼ ለሰው እንዳያወሩብኝ ተማጽኜ አንድ ሐፍረቴን ልናዘዝ፦ ባለፈው ሰኞ በቤተ መጻሕፍትዎ ውስጥ ኮምፒውተር ሰድቤአለሁ። ጥበቃዎ ክንዴን ይዞ፣ እንደ ታማሚ ደግፎ አስወጣኝ። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሩቅ ጣቢያ ተመድባ ሁለት ልጆቿን ለእናታችን ትታለች። ወደ ልጆቿ ለመመለስ ይግባኝ የምትጠይቅበት አሥራ አራት ገጽ ቅጽ የሚሞላው በእርስዎ ማሽኖች ብቻ ሲሆን፣ ጊዜው ዓርብ ያበቃል። እሷም ለዚሁ ስትል ፈቃድ ወስዳ መጥታለች።

፩ኛ፦ ቫይረስ እንዳይገባ በማሰብ፣ ሊኑክስ የተባለው ስርዓት ምንም ከማይጻፍበት ሲዲ እንዲነሳ ስላደረጉ ምስጋናችን ወሰን የለውም። እውነትም ቫይረስ አልገባም፤ እኛም አልገባንም። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የጻፍነውን ሁሉ ረስቶ እንደ አራስ ልጅ ይነሳል። ጥበቃዎ ደግሞ በመብራት ቁጠባ መመሪያዎ መሠረት ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ያደርጋል። እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከገጽ ዘጠኝ አላለፈችም። በፍላሽ እንዳትይዘው፣ ቀዳዳው በሙጫ ተደፍኗል፤ ባለሙያዎ ፍላሽ በሽታ ያመጣል ብሎ አስረድቷታል፣ ለአዋላጅ።

፪ኛ፦ ማሽኑ የማይረሳው አንድ ነገር አለ። ባለሙያዎ ሲዲውን ሲቀዳ፣ ሠራተኞች ያዘጋጁልዎትን የልደት ካርድ ከስክሪኑ ላይ ማንሳት ዘንግቶ ኖሮ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሃምሳ ሁለተኛ ዓመትዎን እናከብራለን። ባለማርጀትዎ ከልብ ደስ ብሎናል።

፫ኛ የለኝም፤ ልመና ነው። እስከ ዓርብ ድረስ፣ ጥበቃው ለምሳ ሲሄድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እንዲሄድ ይንገሩልኝ። ልጆቹ አምስትና ሰባት ዓመታቸው ነው።

እኔም ዓርብ ከእህቴ ጎን ተቀምጬ የጥበቃውን እጅ እከታተላለሁ፤ ወዴት እንደሄደ ለአንባቢዎቼ ሳልነግር አላድርም።

ከትሑት አክብሮት ጋር፣ ጊዜዎን በመሻማቴ አንገቴን ደፍቼ፣
የነርሷ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በማሽንዎ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴም ስድስት ሰዓት በላው። ስለዚህ ወደ መጽሔቱ ወሰድኩት። ወረቀትም እንደ ሲዲዎ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ አንዴ ከታተመበት ማንም አይሰርዘውም።