ሁለተኛው ፍሬን

ውድ እሜቴ፣

ስለ ጤንነትሽ አልጠይቅም፤ አንቺ ባለሽበት ማንም እንደማይታመም አምናለሁና። እኛም ደህና ነን። ብዙ ወሬ ይዤልሻለሁ፤ ዋናውን ግን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ገና አፌን ስከፍት «መጀመሪያ ማለቂያውን ንገረኝ፣ ከዚያ ታወራለህ» እያልሽ ታቋርጪኝ አልነበር? ዛሬ የሚያቋርጠኝ የለም፤ እንደ ልቤ ላውራ።

ልጃችን የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እዚህ ልታሳልፍ ከነባሏ መጣች። ሆስፒታሉ ከእነሱ ቤት ይልቅ ለእኛ ስለሚቀርብ ነው። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል። ጎንበስ ማለት ስላቃታት ጠዋት ጠዋት ካልሲዋን የማጠልቅላት እኔ ነበርኩ፤ እግሯ አብጦ ጣቴን ያሳረፍኩበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። «አባዬ፣ እግሬ አሁንም አለ?» ትለኛለች፤ ካየችው ቆይታለችና። «አለ፤ ሰላም በላት ብሎኛል» እላታለሁ።

ደግሞ የጽዳት አባዜ ያዛት። መጋረጃውን አጠበች፤ ሲደርቅ አልጸዳም ብላ እንደገና አጠበችው። ቁም ሣጥኑን ገለበጠችው። የሕፃኑን ልብስ ተኩሳ፣ አጥፋ፣ ደርድራ ትጨርስና በማግስቱ በትና ትደረድራለች። አንዷን ካልሲ አውራ ጣቴ ላይ ብሞክራት ልክክ አለች፤ ልጅሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የሆስፒታሉ ሻንጣ ደግሞ ከበሩ ሥር ተቀምጦ ስወጣም ስገባም ያደናቅፈኝ ነበር። «ወደዚያ ገለል አድርጊው እንጂ» ብላት፣ «እዚያ ያስቀመጥኩት እንዲያደናቅፈን ነው፤ ያደናቀፈ ነገር አይረሳም» አለችኝ። ቁርጥ አንቺን።

ነገሩ የተጀመረው በክትትል ቀን ነው። አዋላጇ ሳቂታ፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። የልጅሽን ሆድ ዳበስ ዳበስ አድርጋ የሕፃኑን የልብ ምት አሰማችን፤ ሽቅብ የሚጋልብ ነገር ይመስላል። እኔ ኮፍያዬን አወለቅኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አዋላጇ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና፣ «አሁን ሁለት ነገር ንገሩኝ» አለች። «ምጡ ሲመጣ ማን ይነዳል? ከጎኗስ ማን ይቀመጣል? በዚያ ሰዓት አይታሰብም፤ ከአሁኑ ወስኑ።»

አንቺ ብትኖሪ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ባላጣ ነበር።

«የሚነዳው ባለቤቴ ነው» አለች ልጃችን።

ባሏ ደንግጦ ቀና አለ። እኔም ደንግጬ ቀና አልኩ።

እሱን አንቺ አላየሽውም፤ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣው። ቤተ መጻሕፍት ነው የሚሠራው። ሥራው ተጣብቆበት ቤት ውስጥ እንኳ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። በር የሚዘጋውም እጀታውን ይዞ ነው፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው። እኔ «ዝምታው» ነው የምለው፤ ፊት ለፊቱም ጭምር። መንጃ ፈቃድ አለው፤ ግን ሳይጋቡ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ አስተኝቶታል። ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቶ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ መንዳት ሳስተምር ኖሬ ዛሬ መንዳት የተከለከልኩ ሰው ነኝ። አንዱ ዓይኔ ሞራው ተገፎለታል፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሐኪሙ «ሁለቱም ሳይጠሩ መሪ እንዳይነኩ» ብሎኛል። ያቺ አብራኝ ጡረታ የወጣች የማሠልጠኛ መኪናዬ ግን ዛሬም ደጅ ቆማለች፤ ታስታውሻታለሽ፣ ከጎን በአሠልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን ያላት።

«እንግዲያው እኔ አለማምደዋለሁ» አልኩ። አዋላጇም በቃ ብላ ሸኘችን። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ማንም ያስተዋለ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጀመርን። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። ልጅሽ ትራስ ተደግፋ ከኋላ ትቀመጣለች፤ መሐል ላይ ድንገት «ወይኔ ምጥ» ትላለች፣ ለልምምድ። ዝምታው የሚነዳው ልክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደሚሄደው ነው። መንገድ ዳር ለቆመ ሁሉ ቆሞ በእጁ «ይለፉ» ይላል። አንድ ቀን ለውሻ ቆመ፤ ውሻው ግን የመሻገር ሐሳብ አልነበረውም። ክላክስማ አይታሰብም።

«ሰው ይደነግጣል እኮ፣ ጋሼ።»

«ክላክስ የተሠራው ለዚያ ነው፣ ልጄ።»

«ቢሆንም።»

ይሁን እንጂ ሐሰት አልናገርም፤ ልጁ መንዳቱን ይችላል። ማርሹን በልኩ ይቀይራል፣ ስፖኪዮ ያያል፣ ፍሬቻ አይረሳም። ችግሩ ሌላ ነበር። አደባባይ ስንቃረብ መኪናዋ ትንገጫገጭና ቀጥ ትላለች። አውቶቡስ ከፊታችን ሲወጣ ቀጥ። የቆመ መኪና በሩ ገርበብ ሲል ቀጥ። ልጅሽ ከኋላ «ኧረ እዚሁ ልታስወልዱኝ ነው» ትላለች። ዝምታው ላብ በላብ ይሆናል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሳልረግጠው እኮ ነው የያዘው።»

«ይሆናል» እላለሁ ወደ መስኮቱ ዞሬ። «አሮጌ መኪና ናት።»

ልዋሽ ብዬ አይደለም፣ እሜቴ። እግሬ መርገጡን እኔም አላውቅም ነበር። ያን ያህል ዘመን የለመደ እግር ፈቃድ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝምታው ሳይነግረኝ መኪናዋን ጓንቴ ጋራዥ ይወስዳታል። ጓንቴን መቼም አትረሺውም፤ ያ ጓንት አጥልቆ የማያውቅ፣ ሲጨብጥሽ ግሪስ የሚያስይዝሽ መካኒክ ወዳጄ። «በራሱ የሚይዝ ፍሬን ነው ያለው፤ ሚስቴ ልትወልድ ነው፤ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ» ይለዋል። ጓንቴ ጎማ ያወልቃል፣ የፍሬን ሸራ ያያል፣ ዘይት ይቀይራል፣ ራሱ ነድቶ ሰፈሩን ይዞራል፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ጭንቅላቱን እያከከ ይጠይቀዋል።

«አሁን ብቻህን ስትመጣ ያዘብህ?»

«የለም፣ አሁንስ ደህና ነበር።»

«የሚይዝብህ ከጎንህ ማን ሲቀመጥ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ስልኬ የጮኸው። «አንተ ሰውዬ» አለኝ ጓንቴ፣ ሳቁ ትንፋሽ እየነሳው፣ «ፍሬኑን ልቀይረው ወይስ አንተን?»

ዝምታው ተመልሶ ቁልፉን ከፊቴ አስቀመጠ። እኔም አፈርኩና አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እራት ላይ ግን ጨው ሳቀብለው፣ «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለ በዚያ በሹክሹክታው፣ «ዛሬ ፍሬን ሳይዙ አቀበሉኝ።» ልጅሽ የጎረሰችው ትን አላት። እንደ ልጄ የወደድኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለጸሎት ስቆም ነገሩ አልለቀቀኝም። የማውቀው ጸሎት ጥቂት ነው፤ ትምህርቴም ጥቂት ነው። ልጃችን ካረገዘች ጀምሮ በየጠዋቱ «ፈቃድህ ይሁን» እያልኩ ነበር የምነሳው። እና ራሴን ጠየቅኩት፤ አንተ ሰው፣ «ፈቃድህ ይሁን» ስትል እግርህ የት ነበር? መልሱን ታውቂዋለሽ። ፈጣሪንም እንደ ተማሪዬ ከጎኑ ተቀምጬ፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ አድርጌ ነው የማየው። ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቄ መጣ፤ ሳቅ ከጸሎት ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም፣ ይቆጠራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ካልሲዋን ላጠልቅላት ሄድኩ።

«አባዬ» አለችኝ ከላይ ሆና፣ «የአዋላጇን ሁለተኛ ጥያቄ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። የአክስትሽን ልጅ ብንጠራትስ ብዬ ነበር። ሴት ናት፣ ወልዳም ታውቃለች።»

«አንተ ነህ የምትቀመጠው። ከኋላ፣ እማዬ ትቀመጥ በነበረበት።»

«ከኋላ እኮ ፍሬን የለም» አልኳት፤ ለማሳቅ ነበር።

አልሳቀችም። «አውቃለሁ» አለች። «ከፊት ስትሆን የምታየው መንገዱን ነው። እኔ የሚያየኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

ካልሲውን ገልብጬ አጥልቄላት ነበር፤ አውልቄ እንደገና ጀመርኩ። ለማን ልንገር፣ ላንቺ ካልነገርኩ፤ ፈራሁ። መንገድን አውቃለሁ። ያመመው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። አንቺን ባመመሽ ጊዜ እንኳ መድኃኒት ፍለጋ ስሮጥ ነበር እንጂ ስቀመጥ አላየሽኝም።

ደግሞ የኋላው ወንበር ያንቺ ነው። የፊቱ ባዶ ሆኖ እንኳ ከኋላ ነበር የምትገቢው። «የፊቱ ፔዳል አለው፤ እኔ ሥራ አልፈልግም» ትይኝ ነበር። ልጅሽን አቅፈሽ፣ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ ስትያትና ሁለታችሁ በሳቅ ስትፈርሱ በስፖኪዮ አያችሁ ነበር። ምን እንደሚያስቃችሁ ስጠይቅ «የኋላ ወንበር ወሬ ነው፤ አንተ መንገድህን እይ» ነበር መልሳችሁ።

ምጡ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። ያንኑ መጋረጃ ለሦስተኛ ጊዜ አጥባ ስታበቃ፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ስሰቅል፣ እሷ ከታች ቆማ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ስትለኝ ድምፅዋ ጠፋ። ዞር ብል ወለሉ ርሷል።

«አባዬ» አለች ረጋ ብላ፣ «ይኼኛው ልምምድ አይደለም።»

ዝምታው ፈቃድ ወስዶ ቤት ነበር። እሱ እሷን ደግፎ ወጣ፤ እኔ እየተጣደፍኩ ስወጣ ሻንጣው አደናቀፈኝ፤ በዚህ ምክንያት ሻንጣው አልተረሳም። ደጅ ስደርስ እጄ እንደ ልማዱ የፊቱን በር ከፈተ። ገብቼ ተቀመጥኩ። እግሬ ፔዳሉን ለማግኘት ዓይን አላስፈለገውም።

ዝምታው ቁልፉን ይዞ አየኝ። ከኋላ ልጅሽ ጥርሷን ነክሳ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

ወረድኩ፣ እሜቴ። ዞሬ ከኋላ ገባሁና እጇን ያዝኩ።

እንዴት እንደነዳ ልንገርሽ? እኔ ያላስተማርኩትን ነዳ። አደባባዩ ላይ አትክልት የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ሾፌሩ ከሰው ጋር ወሬ ይዟል። ዝምታው ቆመ። አንድ ጊዜ በስፖኪዮ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ መዳፉን ክላክሱ ላይ ጥሎ አላነሳም። ጣሪያ ላይ የነበሩ እርግቦች በሙሉ ተነሡ። አትክልቱ መንገድ ለቀቀ። በጎኑ ስናልፍ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ ልትወልድብኝ ነው» አለው፤ በሹክሹክታ።

የእኔ እግር ከኋላም አላረፈም፤ ምንጣፉን እየረገጠ ነበር። ልጅሽ አየችው። አንዱ ምጥ ገና ለቅቋት ግንባሯ በላብ ርሶ፣ አንገቷን ወደ ጆሮዬ ዘንበል አደረገች።

«አባዬ፣ እማዬ እዚህ ሆና ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ማን ነግሮኝ።»

«‹አባትሽ ፍሬን ሲይዝ ጸልዪ፤ ሲለቅ አመስግኚ› ነበር የምትለኝ። እንደዚያ የምንስቀው ለዚህ ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት በስፖኪዮ ያየሁት ሳቅ በእኔ ነበር ለካ። እዚያው ከት ብዬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ሌላው ምጥ መጣ፤ እጄን ጨመቀችው። ጸለይኩ። ሲለቃት አመሰገንን። ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ ድረስ የሠራነው ይህንኑ ነው። ሌላ የሚባል ነገር ፍለጋ አልሄድኩም፤ አንቺ ያስቀመጥሽው በቃን።

አዋላጇ በር ላይ ተቀበለችን። «ነጂው መጥቷል» አለች ዝምታውን አይታ። «ከጎኗስ ማን ነበር?»

«እኔ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ዞረው አዩኝ።

ወደ ውስጥ ባሏ ገባ፤ እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ኮሪደሩን ሁሉ የሞላ ጩኸት ሰማሁ። አባቷ በቤተ መጻሕፍት ያጠራቀመውን ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ለቀቀችው። ሴት ናት፣ እሜቴ። ዜናው ይኸው። እናቷም ደህና ናት፤ እግሯንም አግኝታዋለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝምታው አክብሮ የፊቱን በር ከፈተልኝ። «ይግቡ፣ ጋሼ። ከፈለጉም መርገጥ ይችላሉ።» አመስግኜው ዞርኩና ከኋላ ገባሁ። ልጅሽ ትንሿን ክንዴ ላይ አስተኛችልኝ። አደባባዩ ላይ ስንደርስ ዝምታው ለአንዲት ድመት ቆመ። ያን ጊዜ ወደዚያች የባቄላ ፍሬ ወደምታህል ጆሮ ጎንበስ ብዬ፣ «አባትሽ ፍሬን ሲይዝ…» ብዬ ጀመርኩ። ልጅሽ ከጎኔ በሳቅ ፈረሰች።

ዝምታው በስፖኪዮ አየን። «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«የኋላ ወንበር ወሬ ነው» አልኩት። «አንተ መንገድህን እይ።»

ወንበርሽን እያሞቀ የሚጠብቅልሽ፣

ባልሽ