የግልፍተኛዋ ፍሪሲዮን መርገጫ

ማንሲ፣ ኢንዲያና

ይድረስ ለእማዬ፤

ሰላምሽ ከነጤናሽ ይድረሰኝ። ዓይንሽ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነልሽ? እህቴ ጋዜጣ ያለ መነጽር ማንበብ ጀመረች ብላኛለች፤ እኔን ለማጽናናት የማትለው ስለሌለ ግን አላመንኳት። እውነት ከሆነ ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው፤ ለእሷ አትስጫት። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አላቆም ብሎ የጎረቤቶቻችን በቆሎ ገና አልተዘራም።

የምጽፍልሽ ስለ ግልፍተኛዋ፣ ስለ አባዬ የእሽቅድምድም መኪና ነው። አባዬ በሞተ ዓመት ለብረት አቅላጮች ተሸጠች ብለሽን ነበር። አልቀለጠችም። ይህን ሁሉ ዓመት በኦርቫል ስተኪ ጎተራ ውስጥ ሸራ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። የአባዬ በያጅ፣ ልጆች ሆነን አጎቴ እያልን የምንጠራው ኦርቫል ማለቴ ነው። በመጋቢት ደውሎ ናና እያት አለኝ። በመስከረም የድሮ ተወዳዳሪዎች ሲሰበሰቡ ሊያቀርባት አስቧል። ለዚያ ደግሞ ቤተሰቡ የሚፈርመው ወረቀት ያስፈልጋል፤ መኪናዋ ራሷ መሆኗንና ማን ይነዳት እንደነበር የሚያረጋግጥ። ካልተፈረመ ተመስለው ከተሠሩት ጋር ትሰለፋለች።

የመድን መርማሪ ሆኜ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁና «አገኘሁት» የሚል ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምነካው ኪሴን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ዛሬ እንደ እሷ «የ1941 ዊሊስ» መኪና ነው እየተባለ ከሚታየው ግማሹ ትናንት የተወለደ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ማግኔትና ባትሪ ይዤ ሄድኩ።

ማግኔቱ ከጣራ እስከ መከላከያ ያዘ። የበሩን ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሳንቲም በሚያክል ቦታ ፋቅኩት፤ ከግራጫው ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር የስሟ ቢጫ ፊደል ጅራት ወጣ። አባዬ ክብደት ለመቀነስ ሲል የቦረቦራቸው ቀዳዳዎችም አሉ፤ በበሩ ክፈፍ፣ በወንበሩ እግር፣ በመስኮቱ ማዞሪያ ላይ ሳይቀር። ሳንድዊች ስታቀብዪው ክርኑን ነክተሽበት ጠመመ እያለ የሚስቅበትን ቀዳዳ በጣቴ አገኘሁት። አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ጉልበቴ መሪው ላይ ተቸነከረ። አባዬ በእኔ ላይ አንድ ስንዝር ይጨምራል፤ የማድ ቤታችንን በር ጎንበስ ሳይል አያልፍም ነበር። ወንበሩን አነሳሁት። የወለሉ ላሜራ ከነዝገቱ የጥንቱ ነው፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ግን አራት ብቻ፣ ያውም ወደፊት ተጠግተው። ወደኋላ ሌላ ቀዳዳ የለም፤ በብየዳ የተደፈነም የለም። የፍሪሲዮኑ መርገጫ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ የተለበጠ ወፍራም እንጨት በብሎን ታስሯል። ቀፎዋን በሌላ አጭር ሰው መኪና ወለል ላይ በይዶ ነው፤ አሁን ያዝኩህ ኦርቫል አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ላይ ሰው ፊት አዋረድኩት። የአባቴን ስም በድንክ መኪና ልትነግድበት ነው አልኩት። እሱ ጎማ ላይ ተቀምጦ የአሳማ ጥብስ ሳንድዊቹን ይገምጣል። አንዱ ከኋላ የአባዬን ስም ጠርቶ «ኦርቫል፣ ቨርሊን እጅህ ላይ አጠረብህ እንዴ?» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ኦርቫል አልተቆጣም። አፉን ጠርጎ «ወንበሩን በደንብ ለክተሃል፤ አሁን ደግሞ ቤትህ ግባና ፎቶዎቹን ለካ» አለኝ። ማን ነው የነዳት ታዲያ ስለው፣ «ቃል የሰጠሁት ሰው በሕይወት እያለ ከእኔ አፍ አትሰማም» ብሎ ወደ ሳንድዊቹ ተመለሰ።

ጓደኛዬ ዳሬል ግን መላ አለኝ አለ። አባትህ መወዳደር ካቆመ በኋላ አንዱ ቀይሯት ይሆናል፤ እንጨቱን እንፍታ፣ ቀዳዳዎቹን እንድፈን፣ ወንበሩን አባትህን በሚያክል ሰው ልክ ወደኋላ እንሰር፣ ከዚያ አንተም በሙሉ ልብ ትፈርማለህ አለኝ። የእኛ የመኪና ወዳጆች ጥፋት ይህች ናት፤ መኪናን ከመውደዳችን ብዛት ሆና የማታውቀውን እናደርጋታለን። ኦርቫልም ፊርማው የግድ ስለሆነበት ግራ በተጋባ ዓይን እያየኝ ጎተራውን ከፈተልን። እንጨቱን ፈትቼ ውዳቂ ብረት በርሜል ውስጥ ወረወርኩት።

ዳሬል መበየጃውን ሲለኩስ ዓይኔ መርገጫው ላይ አረፈ። አባዬ ለውድድር ሲያዘጋጃት አዲስ የገጠመው መርገጫ ነው። የጎማው ጥርስ ገና ከሱቅ እንደወጣ ስል ነው፤ ማንም ረግጦት አያውቅም። ያ የወረወርኩት ቆርቆሮ ግን አልቆ ያበራ ነበር፣ በጠባብ ጫማ ልክ። ከመጀመሪያው ሩጫ እስከ መጨረሻው ያለዚያ እንጨት አልተነዳችም ማለት ነው። ዳሬልን አጥፋው አልኩት። በርሜሉ ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ እንጨቱን አወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ዘረጋሁ። ዋንጫ በተያዘበት ሁሉ አባዬ አለ፣ እጁ ጣራዋ ላይ። ስትሮጥ በተነሳችባቸው ውስጥ ያለው ሰው ግን ሄልሜትና የአፍ መሸፈኛ አድርጓል፤ አናቱ ከመስኮቱ እምብዛም ከፍ አይልም። በአንደኛው ላይ አንድ ረጅም ሰው ከመኪናዋ ኋላ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያያል። በማጉያ አየሁት። የአባዬ ባርኔጣ ነው። ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም።

ይቅርታ ልጠይቅ ፓይ ይዤ ኦርቫል ቤት ሄድኩ። ፓይዋን ተቀበለኝ፣ ይቅርታውን ግን ቆየት ብሎ። ቃሉን አላጠፈም። የነገረኝ ሁለት ነገር ነው፤ በ1962 ጸደይ የብረት ፍንጣሪ የአባዬን ቀኝ ዓይን እንደጎዳውና ሐኪሙ እንዳትነዳ እንዳለው፣ በዚያው በጋ ደግሞ የውድድር ሜዳው በረኞች ሁለት ሴት ነጂዎችን ሴት አትወዳደርም ብለው ከነመኪናቸው እንደመለሱ። እኛ ቤት ይህ ተነግሮ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እማዬ፣ እንደ ሥራዬ ልጠይቅሽ። ያ የሚያምሽን፣ ፍሪሲዮን የሚረገጥበትን ግራ ጉልበትሽን ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ወድቄ ነው ትዪን ነበር። ትናንት ሄጄ ደረጃውን ቆጠርኩት፤ ሁለት እርከን ነው። እሑድ እሑድ አያቴ ዘንድ ስትተዪን ለአባታችሁ ላጨበጭብለት ነው ትዪን ነበር። አንድ ቀን ደግሞ አባዬ ሦስተኛ ማርሽ የሚያስገባው መሃል ሜዳ ላይ ነው ብዬ ለጓደኛዬ ስፎክር፣ ሳህን እያጠብሽ «ከዚያ ቀደም ብሎ ነው» አልሽ። ያኔ ገርሞኝ አልፌዋለሁ።

ተናድጄብሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አባዬን ሳወድስ አጠገቤ ተቀምጠሽ ትሰሚኝ ነበር። ከንዴቱ ይልቅ ግን ኩራቱ አስቸግሮኛል፤ ለማን እንደምነግረው አላውቅም።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መኪናዋ ራሷ ናት ብዬ ፈርሜያለሁ። የነጂው ስም የሚጻፍበትን መስመር ክፍት ትቼዋለሁ። የአባዬን ስም ከጻፍሽም እቀበላለሁ፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ብቻ በራስሽ እጅ ጻፊው። በመስከረም ከመጣሽ ደግሞ የምናስተካክልልሽ ነገር የለም፤ እንጨቱን መልሼ አስሬዋለሁ፤ ወንበሩም በነበረበት ቦታ ነው።

ፈጣሪ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ለእኛም ያቆይሽ።

ወንድ ልጅሽ