ሐሩን እንዳትነኪ

ካርቱም፣ ካላክላ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ስልክ ለምትዘጋብኝ፣ እኔ ግን ለማልጨክንብህ ባሌ ለዛኪር፤

አሰላሙ ዐለይኩም ሆዴ። ይህን ወረቀት ወደ ገዳሪፍ የምትሄደው ጎረቤታችን ናስራ ታደርስልሃለች። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋምና እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ። ፊደል የቆጠርከው እዚሁ ካርቱም ስለሆነ የአማርኛው ፊደል ከከበደህ ቀስ በል፤ የሚያሯሩጥህ የለም።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የተቃጠለው ቀኝ እጅህስ እንዴት ሆነ? ጣቶችህ መታጠፍ ጀመሩ? እህትህ ቅባቱን ስትቀባህ ዝም ትላለህ ወይስ እሷንም እንደኔ ትቆጣታለህ? ባለፈው «እጁ የማይጨብጥ ኤሌክትሪሻን ለማንም አይሆንም፤ ቤቱን ተዪውና ወሎ ግቢ፣ ኒካሃችንንም እናፍርሰው» ያልከኝን ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ እንዳይመስልህ! መልሴን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የቤታችንን ጉድ ስማ።

በጦርነቱ ሸሽተን በወጣንበት ዘራፊዎች የሳሎኑን ሽቦ ከግድግዳው መዝዘው ወስደውታል። የመኝታ ቤቱና የኩሽናው ተርፏል። ካህራባ፣ መብራቱ፣ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ሴቱ ሁሉ በእልልታ ወጣ። እኛ ቤት ግን ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ። ባነሳው ወረደ፣ ባነሳው ወረደ። እንደነገርከኝ ሁሉንም ነገር ከሶኬት ነቃቅዬ አንድ በአንድ ስመልስ ጥፋተኛው ሙከይፉ ሆኖ ተገኘ። ያ በውሃ ቤቱን የሚያቀዘቅዝልን ነገር ይኸው ሦስት በጋ ያለ ሰው ተቀምጦ፣ ሞተሩ ውስጥ አቧራው ጭቃ ሆኗል። ነቅዬ ጥግ አስያዝኩት። እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ፣ ወላሂ እኔ አልነካውም።

ከዚያ ደግሞ የመኝታ ቤቱ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ስደውልልህ «ማብሪያው ውስጥ የላላ ሽቦ አለ፤ ስትከፍቺው ሐሩን እንዳትነኪ፣ መጀመሪያ ደግሞ…» ብለህ ኔትዎርኩ ተቆረጠ። ታዲያ ያን ቀን ያደረግኩት ኦምዱርማን ሱቅ የገዛህልኝን የሐር ሻሽ ነበር። እኔ ሞኟ «ለካ ሐር ካህራባ ይስባል! ባሌ እንዴት ያስብልኛል» ብዬ፣ ሻሹን ፈትቼ፣ አጣጥፌ፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ተማምኜ እጄን ሰደድኩ። ያ አላህ! ኮረንቲው አንስቶ ዐንገረቡ አልጋ ላይ ወረወረኝ።

ጩኸቴን ሰምታ ሐጃ በቱል ከጎረቤት እየሮጠች መጣች። «መሰክቲ አልሓር?» አለችኝ፣ ትኩሱን ሽቦ ያዝሽው ወይ ማለቷ ነው። ያኔ ገባኝ። አንተ ያልከው የዓረቡን ሐር ኖሯል! ሙቀቱን ሐር ስንል እየዋልን፣ አማርኛህ መሀል ስትሸጉጠው በምን ልወቀው? ሳቄ መጣ። ደውዬ «ኮረንቲ ያዘኝ» ስልህ ግን ሳቄን ሳትሰማ ደነገጥክ፤ «በኔ ጦስ ልትሞቺ ነው» ብለህ ያን ክፉ ቃል ተናገርክ። ከዚያ ወዲያ ስልክህ አይነሳም።

እና ዛኪርዬ፣ ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፣ የአፍህ ነው። ዓረብኛ መቀላቀልህ ነው ልትገለኝ የነበረው! እጅህማ ምን በደለኝ።

ሐጃ በቱል ቀሪውን አስጨረሰችኝ። ለካ የተቆረጠው ቃልህ «መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አውርጂ» ነበር። አወረድኩ፣ ትተኸው በሄድከው ቴስተር ኮረንቲ አለመኖሩን ደግሜ አየሁ፣ የላላውን ብሎን አጠበቅኩ። መብራቱ አሁን ጸጥ ብሎ ይበራል። ግን ፈራሁ፣ ሆዴ። አጠገቤ ሆነህ «እሱን ተዪ፣ ይኼን ያዢ» የሚለኝ ድምፅህ ናፈቀኝ። ለብቻዬ ሳሎኑን አልደፍረውም። የሰፈሩም ሽቦ ተመዝዟል፤ ሰው ሁሉ «ወይን መዐሊም ዛኪር?»፣ ባለሙያው ዛኪር የት አለ፣ እያለ በር ያንኳኳል። እጁ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ መቼ ይመጣል ነው የሚሉት። ና፤ አንተ ወንበር ላይ ሆነህ ንገረኝ፣ እኔ እይዛለሁ። በአማርኛ ብቻ ንገረኝ እንጂ!

የኒካሃችን ነገር ይኸውልህ፦ አልሄድም፣ አልስማማም። እኔ የምፈታው ብሎን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቅህ አደረግኩ። የመኝታ ቤቱን ማብሪያ ከበሩ በስተቀኝ ነቅዬ በስተግራ ተከልኩት። ሽቦውን በግድግዳው ላይ አስኬድኩት፤ ትንሽ ተንጋዷል፣ መሳቅህ አይቀርም። ስትገባ ግን ግራ እጅህ ሳይፈልግ ያገኘዋል።

አላህ እጅህን ያሽርልህ፣ ልብህንም ያለስልስልኝ፤ በሰላም ደጃችን ያድርስህ። አሚን በል።

ሚስትህ ሬሕማ