ለሞተች ሚስቴ መጽሐፍ የሚመርጥላት ካታሎግ

ለክቡር የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ የእኔ ጽሕፈት መስመር እየሳተ ስለሚሄድ ጤነኛ ዓይን ይፈልጋልና። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ይህንን በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት በአስተያየት መስጫ ሣጥንዎ ያስገባኋቸው ወረቀቶች ሣጥኑ ሲነሳ አብረው ተነስተዋል ስለተባልኩ፣ ይኸኛውን አላፊ አግዳሚውም በማንበብ እንዲያግዝዎት ብዬ ግልጽ አድርጌዋለሁ።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። ጡረታ የወጣሁ በያጅ ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ ብረቱ ይሉኛል። ባለቤቴን ግን ያውቋታል። ምድር ቤት፣ ከመግቢያው በስተግራ ባለው የውሰት መስኮት ጠጉሯ እስኪሸብት የተቀመጠችው ሴት ናት። እርስዎ ራስዎ ተማሪ ሳሉ ጮክ ብለው ሲስቁ፣ መስታወቱን በእስክሪብቶ እያንኳኳች ጸጥ ታሰኝዎት እንደነበር ነግራኛለች።

የቤታችን ልማድ እንዲህ ነበር። አመሻሽ ላይ እሷ በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር፣ እኔ ፊት ለፊቷ እንቀመጣለን፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። አልፎ አልፎ «ተራው ያንተ ነው» ትልና መጽሐፉን ጭኔ ላይ ትጥለዋለች። እኔ የሱቅ ማስታወቂያና የመድኃኒት ብልቃጥ የማነብ፣ ሙሉ ገጽ ሲሆን ግን በጣቴ እየተመራሁ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ቃል ሲያስቸግረኝ ቀና እላለሁ፣ እሷም ቃሉን ታቀብለኛለች። የሚነበበውን የምትመርጠው ሁልጊዜ እሷ ናት። በካታሎግዎ ውስጥ «የእኔ መደርደሪያ» የሚባል፣ አንባቢው ወደፊት የሚያነባቸውን መጻሕፍት በወረፋ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነበር። በሽታው ሲጠናባት አልጋ ላይ ሆና በስልኳ ያንን መደርደሪያ ትሞላ ነበር። «ምን እየነካካሽ ነው? ዕረፊ እንጂ» ስላት፣ «ስንቅህን እየቋጠርኩ ነው፤ የለችም ብለህ እንዳትሰንፍ። ከላይ ያለውን እየወሰድክ ጮክ ብለህ አንብብ፤ ስትሳሳት እሰማሃለሁ» አለችኝ።

እኔም እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ምድር ቤት ባለው ኮምፒውተር ቁጥሯን እጽፋለሁ፤ ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ እሷን ይቀበላል፤ ከላይ ያለችውን መጽሐፍ በእሷ ካርድ ወስጄ ቤቴ እገባና ለወንበሩ አነብለታለሁ። ቃል ሲያስቸግረኝ እንደ ድሮው ቀና ብዬ እጠብቃለሁ። ጥቂት ከጠበቅሁ ቃሉ ይመጣል። ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አድርጌ አላውቅም፤ ከላይ ካለችው መጽሐፍ በታች አይቼ አላውቅም። ስንት እንደቀረኝ እንዳላውቅ፣ በግራ እጄ የስክሪኑን ታችኛ ክፍል ሸፍኜ ነበር የምቀመጠው። የሥራ ባልደረቦቿ ይስቁብኝ ነበር፤ ይሳቁ። የመጨረሻዋን መጽሐፍ ያየሁ ዕለት የምትለኝ ነገር እንዳለቀ አውቃለሁ፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ የሚያጣድፈኝ የለም።

ነገሩ በዚህ እንዳለ ካታሎግዎ ታደሰ። ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቢሮ ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ በሩ ላይ ለለጠፉት ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። «ለተሻለ አገልግሎት ሲባል ካታሎጋችን ታድሷል፤ ከእንግዲህ በስልክዎ ብቻ ይጠቀሙ» ይላል። በጣቴ እየተከተልኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ምኑ እንደተሻለ ግን አላገኘሁትም። ኮምፒውተሩ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። አበባው መጽሐፍ ባያወጣም ውኃ አጠጡኝ ስለማይል፣ አመራርዎ የሚመሰገንበት ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴን ከሠራተኛነት መዝገብ አውጥተው «የውጭ ተጠቃሚ» ከሚባሉት ጋር መድበዋታል። ዕድሜዋን ሙሉ ውስጥ የኖረች ሴት እንዴት የውጭ ትባላለች ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ቆም ብዬ ሳስበው ግን እውነትዎን ነው፤ ከእርሷ በላይ የወጣ የለም።

ሦስተኛ፣ ስልኳን እስካሁን ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ከሞተች ወዲህ ትንፍሽ ብሎ የማያውቀው ስልክ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሳቢያው ውስጥ ጮኸ። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ እጄ ክሩ ላይ ቀረ። ሳወጣው «ውድ ተጠቃሚያችን፣ ከጠፉ ሰነበቱ፤ ናፍቀውናል። ማንነትዎን ካላረጋገጡ መለያዎ ይዘጋል» ይላል። ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ድምፁን ለይታው ኖሮ በመስኮት ብቅ ብላ «አንተ፣ ይሄ የእሷ ስልክ አይደል እንዴ? ማን ነው?» አለችኝ። «ከመሥሪያ ቤቷ ነው፤ ናፍቃናለች ይላሉ» ብላት እጇን አፏ ላይ ጭና ገባች፤ ያን ቀን መስኮቷን አልከፈተችም። ኮሌጁ ለቀብሯ የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር፤ ናፍቀሽናል የሚል ግን አልነበረበትም። ሰው ያልደረሰበት ትህትና ላይ ማሽንዎ ስለደረሰ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አራተኛ፣ ማንነቷን ላረጋግጥ ስልኩን ይዤ መጣሁ። በውሰት መስኮቱ በባለቤቴ ቦታ የተተካችው፣ እኔ በሆዴ መነጽሯ የምላት ልጅ ገጹን ከፈተችልኝ። ማሽኑ፣ ባለቤቴ ድሮ መርጣ መልሱን ያስቀመጠችለትን ጥያቄ አቀረበ፤ «ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሰው ማን ነው?» ይላል። ደረቴን ነፍቼ «የእኔን ስም ጻፊ» አልኳት። ስህተት ነው አለ። «በቅጽል ስምዎ እንሞክረው አባባ» ብላ ብረቱ ብላ ጻፈች፤ ይኸም ስህተት ነው አለ፤ አንድ ሙከራ ብቻ እንደቀረንም አስጠነቀቀ። ልጅቱ ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ «የልጅ ስም ይሆናላ» አለች። ልጅ የለንም። ክቡር ሆይ፣ ከኋላዬ ተማሪዎች ተሰልፈው እየጠበቁ፣ በስተርጅናዬ በሞተች ሚስቴ ስቀና ቆምኩ። ከዚያ አንድ ነገር ታወሰኝ። መጽሐፉ ውስጥ ፍቅር ሲመጣ «አንቺስ ማንን ነው የምትወጂው?» እያልኩ እነዘንዛት ነበር፤ እሷም ገጹን እየገለጠች ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት። «ልጄ፣ ‹ምን አገባህ› ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «አባባ! የመጨረሻችን እኮ ናት!» «ጻፊ ብያለሁ።» ጻፈች፤ ተከፈተ። መነጽሯ መነጽሯን አውልቃ እስክታብስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከመቃብር ወዲያ የተመለሰልኝ የመጀመሪያ መልስ ስድብ ነው፤ ግን ለእኔ የተቀመጠ ስድብ ነው።

አምስተኛ፣ ሳቃችንን ያቋረጠው «መደርደሪያዎ ባዶ ነው» የሚለው ጽሑፍ ነው። ልጅቱ ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገች። «አባባ፣ የድሮው ወደ አዲሱ አልተላለፈም። ገልብጠው አልያዙትም?» አለችኝ። አልያዝኩም። «ቢያንስ የሚቀጥለው ርዕሱ ምን ነበር?» አላየሁትም። ስክሪኑን የሸፈንኩበት ያ ግራ እጄ መስኮቱ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከባዶው መደርደሪያ ሥር ግን ማሽንዎ «ለእርስዎ የመረጥንልዎ» ብሎ መጻሕፍት ደርድሯል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያወጣችውን ሁሉ መርምሮ፣ ቀጥሎ ምን እንደምትወድ ገምቶ ይመርጥላታል አሉኝ። ለሞተች ሴት። እኔም እልኸኛ ነኝና የመጀመሪያውን ወሰድኩ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አሽቀንጥሬ «ይኸው፣ አያውቃትም!» ለማለት ነበር ሐሳቤ። መጽሐፉ ስለ አንዲት ምላሰኛ ልብስ ሰፊ ነው፤ ደንበኞቿን የምትለካው በሜትር ሳይሆን በሐሜት ነው። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ብታነበው ከወንበሯ እስክትንሸራተት የምትስቅበት ነው። እሷ በምትስቅበት ቦታ ሳቅሁ። እሷ «ቆይ ቆይ፣ ድገመው» በምትልበት ቦታ ደገምኩት። ከዚያ አንድ ቃል አስቸገረኝና እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ጠበቅሁ።

ቃሉ መጣ። እንደ ወትሮው ከወንበሩ በኩል መጣ። ያቀበለኝ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

እኔ ጨለማ የምፈራ ሰው አይደለሁም፤ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥዬ ስበይድ የኖርኩ ነኝ። ያን ዕለት ግን በገዛ ቤቴ፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ ፈራሁ። ከሚስቴ ጋር መቀመጥ አያስፈራኝም፤ የሚስቴን ሳቅ በልኩ አጥንቶ ከመጣ ከማላውቀው ነገር ጋር መቀመጥ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁ፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አላነበብኩም። ስልኳ ግን አልተወኝም፤ በየጊዜው እየጮኸ «አዲስ መረጥንልዎ» ይላታል፤ በጮኸ ቁጥርም ወደ ዞረው ወንበር አያለሁ።

መነጽሯ ልታጽናናኝ ፈልጋ «ምናልባት እሳቸውም ያንኑ መርጠውት ይሆናል አባባ፤ የልብስ ሰፊዋ መጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ ኖሮ ይሆናል» ትለኛለች። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እውነቱ ያለው የድሮውን ካታሎግ በተሸከመው ማሽን ውስጥ ነው፤ እሱም ከመሬት በታች ባለው መጋዘን «ሊወገዱ የተለዩ ንብረቶች» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት የጭነት መኪና ይጠብቃል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ብረት ለቁርጥራጭ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ከሄደ በኋላ የተመለሰ አላየሁም።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ያ ማሽን አንድ ጊዜ ይሰካ። ባለሙያ የለም እንዳይሉኝ፤ መነጽሯ «ቢፈቀድልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኛል» ብላለች፤ እንዳትጠየቅበት ብቻ ቃልዎን ይስጧት። ከፍታ ከላይ ያለችውን አንዲት መጽሐፍ ትይልኝ። የልብስ ሰፊዋ ከሆነች «አዎ» ትበለኝ፤ ወንበሩን አዙሬ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ሌላ ከሆነች ርዕሷን በብጣሽ ወረቀት ትጻፍልኝ፤ የማሽንዎን ምርጫ በክብር እመልሳለሁ። ከእሷ በታች ያለውን ግን ማንም አይንገረኝ። የቀረችው አንዲት ብቻ ብትሆን እንኳ፣ እባካችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳይነበብብኝ ተጠንቀቁልኝ፤ ፊት ማንበብ ከፊደል ይልቅ ይቀናኛል።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ካታሎግዎ በየጊዜው እንዲታደስልዎ፣ ሲታደስም እርስዎን ማስተላለፍ እንዳይረሱ እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የውሰት መስኮቷ ሴት ባል፣
ብረቱ

ማስታወሻ፦ ጫኞቹ መጋዘን ሲገቡ ማሽኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ቢያገኙ እንዳይደነግጡ ከወዲሁ ይንገሯቸው። ለማስነሳት እንዳይቸገሩ ከሚወገዱት ንብረቶች ጋር አብረው ቢመዘግቡኝ አልቀየምም። «አገልግሎቱን የጨረሰ» የሚለውን ቦታ ብቻ ባዶ ይተዉልኝ፤ ገና ያላነበብኩት አለ።